ሞንትሪያል፣ አዲስ አበባ፣ ኪጋሊ፦ የአንድ ጉባኤና የቪዛ ጉዳይ

አይሲኤልአር በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ጉባኤ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያጠኑ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሰባሰቡባቸው ታላላቅ መድረኮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ስኮትስዴል ከተማ የተጀመረው ይህ ጉባኤ የ2020 ስብሰባውን በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ ለማካሄድ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ዕቅዱ በኖቬምበር 2018 ሲሰማ፣ ከጉባኤው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ዮሹዋ ቤንጂዮ ዋናው ምክንያት ቪዛ መሆኑን አልሸሸጉም፤ ከአፍሪካ የሚነሡ ተመራማሪዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ጉባኤዎች ለመሄድ ሲያመለክቱ በተደጋጋሚ ይከለከሉ ነበር። ስብሰባው በተባለው ቀን አዲስ አበባ ላይ አልተካሄደም፤ ምክንያቱም ሁላችንም የምናውቀው የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ጉባኤው ኪጋሊ ላይ እስከተካሄደበት ድረስ ያለው ሂደት፣ የትምህርት ሥራን፣ የጉባኤ ተሳትፎንና የውጭ ጉዞ ዝግጅትን በአንድ ጊዜ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ አጥርቶ ያሳያል።

ስለዚህ ሸክም ሲወራ ለተመራማሪው ዘወትር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ቀደም ብለህ ተዘጋጅ፣ ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም። ምክሩ ስሕተት የለበትም፣ ነገር ግን ጥፋቱን ያለቦታው ያስቀምጣል። ጉዳዩን ከቀን ወደ ቀን ስንከተለው የምናገኘው፣ የጉባኤዎቹ ቀን መቁጠሪያ ሲወጣ በአእምሮ የነበረው ቪዛ የማያስፈልገው ሰው መሆኑን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጥናት ወረቀቱ በጉባኤው ተቀባይነት አገኘ ማለት ቲኬት ቆርጦ መሄድ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሞንትሪያል

በዚሁ ዘርፍ ትልቁ ጉባኤ ኒውሪፕስ በ2018 የተካሄደው ከዲሴምበር 2 እስከ 8 በካናዳ ሞንትሪያል ነበር። የጉባኤው መደበኛ ትኬት በሴፕቴምበር 4 ለሽያጭ ሲቀርብ ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ። ዜናው በዓለም ዙሪያ የተወራው እንደ አስገራሚ ነገር ነው፤ የዘርፉን ተወዳጅነት የሚያሳይ ተብሎም ተጠቀሰ። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ትኬት ለመግዛት ፈጣንና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዙ በብር ነው፤ በጊዜው ዶላር ያገኝ የነበረው ለባንክ አመልክቶ፣ ደብዳቤ አስደግፎና ተራ ጠብቆ ነበር። ወረቀታቸው ተቀባይነት ላገኘላቸው ሰዎች ቦታ ይያዝላቸው ነበር፤ ለመስማትና ለመማር ብቻ መሄድ የሚፈልገው ተማሪ ግን ገና ከመነሻው ከሜዳው ውጭ ነበር።

በሞንትሪያሉ ጉባኤ ውስጥ ብላክ ኢን ኤአይ የተባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ የራሱን ዎርክሾፕ፣ ማለትም ከዋናው ጉባኤ ጋር የሚካሄድ አነስ ያለ ስብሰባ፣ አዘጋጅቶ ነበር። ስብስቡን በ2017 የመሠረቱት አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ናቸው፤ ሁለቱም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ጥናታቸውን ያካሄዱ የዘርፉ ስመ ጥር ተመራማሪዎች ናቸው። ዎርክሾፑ ከአህጉሩ ለሚመጡ ወጣቶች በር ለመክፈት የታሰበ ነበርና ብዙዎች ሥራቸውን አቀረቡ፣ ተቀባይነትም አገኙ። ከዚያ ለካናዳ ቪዛ አመለከቱ፤ ከአመልካቾቹም ብዙዎቹ ተከለከሉ። አዘጋጆቹ ጉዳዩን በአደባባይ አነሡት፤ የካናዳ ጋዜጦችም ዘገቡት። በዓመቱ ጉባኤው እዚያው ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ላይ ሲካሄድም ያው ችግር ተደገመ።

ክልከላው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የቪዛ ሹሙን ክፋት ወይም የአመልካቹን ስንፍና ብቻ ይፈልግበታል። የካናዳ ደንብ የሚለው፣ አመልካቹ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ አገሩን ለቅቆ እንደሚወጣ ሹሙ ማመን አለበት ነው። የማሳመኑ ግዴታ የአመልካቹ ነው። የክልከላ ደብዳቤውም አጭር ነው፤ የጉዞ ታሪክ፣ የቤተሰብ ትስስር፣ የጉዞው ዓላማ፣ የሥራ ሁኔታ፣ የግል ንብረት የመሳሰሉ ምክንያቶች ተዘርዝረው ከእነዚህ መካከል የተመረጡት ምልክት ይደረግባቸዋል። አሁን የአንድ ጀማሪ ተመራማሪ ሁኔታ በዚህ ዝርዝር ላይ ሲለካ ምን እንደሚመስል እናስብ። ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ አላገባም፤ ቤትም መሬትም በስሙ የለም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው ወይም ገና ተማሪ ነው፤ ፓስፖርቱ ባዶ ነው። ጉባኤዎቹ ሊያበረታቱት የሚፈልጉት ሰውና ደንቡ የሚጠረጥረው ሰው አንድ ናቸው። ባዶ ፓስፖርት የሚሞላው በጉዞ ነው፤ ለጉዞ ደግሞ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛ ለማግኘት ደግሞ ፓስፖርቱ ባዶ አለመሆኑ ይረዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለውም ቀላል አይደለም። በ2018 የካናዳ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ዋጋ 100 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ከዚያው ዓመት ጁላይ 31 ጀምሮ ከአፍሪካ የሚያመለክቱ ሰዎችም አሻራና ፎቶ እንዲሰጡ በመደረጉ 85 ዶላር ተጨመረ። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ሲታሰብ ድምሩ ወደ 4,000 ብር ይጠጋ ነበር፤ ቪዛው ቢከለከልም የማመልከቻው ገንዘብ አይመለስም።

የዚያን ጊዜውን ቀን መቁጠሪያ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቀን መቁጠሪያ ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ደግሞ መደራረቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኒውሪፕስ ወረቀቶች ውጤት የተገለጸው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማለትም የእኛ ዓመት ሊያልቅ በቀሩት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባና የኮርስ ድልድል በተከታታይ ይመጣሉ። መምህሩ በእነዚሁ ሳምንታት ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዲኑ ፈቃድ፣ ከሰው ሀብት የሥራና የደመወዝ ማስረጃ፣ ከባንክ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ፣ ከጉባኤው የግብዣ ደብዳቤ መሰብሰብ አለበት። አንዱ ፈራሚ ለስብሰባ ወጥቷል፤ ሌላው ወረቀቱን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ መርቶታል። በጎን ደግሞ ለመጨረሻው ቅጂ የወረቀቱ እርማት ይጠብቃል፤ አዲስ የገቡ ተማሪዎችም ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። የትኛውም ሥራ ለብቻው ሲታይ ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ የእያንዳንዳቸው ቀን ገደብ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው።

ሁለት ጉባኤዎች ሲከታተሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በዚያው በ2018 ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብሰባ በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ላይ ተካሂዷል። ኢትዮጵያዊ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባትም ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ፓስፖርቱ አንድ ኤምባሲ ጠረጴዛ ላይ ባለበት ሳምንት ደግሞ ለሌላው ሊቀርብ አይችልም። ሁለት ፓስፖርት ያለው ወይም ፓስፖርቱን ያለ ቪዛ ተጠቅሞ የሚጓዝ ሰው ይህ ዓይነት ግጭት መኖሩንም አያውቅ ይሆናል።

ጉባኤው ወደ አዲስ አበባ

አይሲኤልአር ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ነው የተባለበት ወር ያለ ነገር አልተገጣጠመም ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን ገጠመኙ የሚገርም ነው። ኢትዮጵያ በዚያው በኖቬምበር 2018 ከ9ኛው ቀን ጀምሮ ለሁሉም አፍሪካውያን ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ መስጠት ጀመረች፤ ለሌሎች አገሮች ዜጎችም በኢንተርኔት የሚሰጥ ቪዛ ከጥቂት ወራት በፊት ተጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ አብዛኞቹን የአፍሪካ ዋና ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛል። ከሌጎስ፣ ከናይሮቢም ሆነ ከዳካር ለሚመጣ ተመራማሪ የጉዞ ዝግጅት ማለት ቲኬትና የሚያድርበት ቦታ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለኢትዮጵያዊው ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ ከመቀሌ ወይም ከባሕር ዳር የአገር ውስጥ በረራ፣ ከአዳማ ታክሲ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ ደግሞ ወደ ቦሌ የአንድ ሰዓት መንገድ።

ይህ ለውጥ በወጪ ቅነሳ ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። ጉባኤ ውጭ አገር ሲሆን የሚሄደው፣ ከተሳካለት፣ አንድ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም የወረቀቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ወይም አማካሪው። ቦሌ ላይ ሲሆን ግን የትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ፣ ወረቀት የሌለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪም ጭምር ሊገባ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው አበሉን በብር ይከፍላል፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ አይነሣም፤ መምህሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለባልደረባው አስረክቦ ከሰዓት በኋላ ወደ ማስተማሩ ሊመለስ ይችላል። የሥራ ጫናው ባይጠፋም ከሦስቱ አንዱ፣ ማለትም ጉዞው፣ ከላዩ ይወርዳል።

ሥጋት አልነበረም ማለት አይደለም። በጁን 2019 ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ፈተና ምክንያት፣ በኋላም ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከደረሰው ግድያ በኋላ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ተመራማሪዎችን ወደ ከተማው ለጋበዘ አዘጋጅ ይህ ቀላል ዜና አይደለም። እንዲያም ሆኖ ዕቅዱ አልተሰረዘም።

የወረቀት ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ሴፕቴምበር 25 ቀን 2019፣ በእኛ መስከረም 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። 2,594 ወረቀቶች ቀረቡ። የገምጋሚዎች አስተያየት በኖቬምበር ወጥቶ ጸሐፊዎቹ በግልጽ መድረክ መልስ ሰጡ፤ በዚህ ጉባኤ ግምገማው ማንም ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ የሚካሄድ በመሆኑ መልሱ ራሱ ሌላ ወረቀት የመጻፍ ያህል ያደክማል፣ እኛ ጋ ደግሞ የሚድ ፈተና በሚወጣበት ሰሞን ነው የሚውለው። ውሳኔው ዲሴምበር 19፣ ማለትም ታኅሣሥ 9 ቀን ተገለጸ፤ 687ቱ ተቀባይነት አገኙ። ጉባኤው የሚከፈተው ሚያዝያ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበርና በመካከሉ ያለው ጊዜ ከአራት ወር ጥቂት ያልፋል። ለቪዛ አመልካች አራት ወር በጭንቀት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ በዚህ ዓመት ግን ለአፍሪካውያኑ ትርፍ ጊዜ ሊሆን ነበር።

በነገራችን ላይ ሚያዝያ 18 ዳግማይ ትንሣኤ ነበር፤ የረመዳን ጾምም የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚካሄዱ ጉባኤዎች ቀን ሲመረጥ የአዘጋጆቹ በዓላት መታየታቸው ያለ ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሐበሻው ተመራማሪ ጾሙን ፈትቶ፣ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ውሎ ወደ ጉባኤ ሊገባ ነበር።

መጋቢት 2012 ዓ.ም.

በማርች 2020 መጀመሪያ አጋማሽ የጉባኤው አዘጋጆች ስብሰባው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት እንደሚካሄድ አስታወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ወረርሽኝ ብሎ ያወጀው ማርች 11 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። በቀናት ልዩነት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከግቢ ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ በመጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለጉባኤው የተመረጠው ሚሌኒየም አዳራሽ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ 1,000 አልጋ የሚይዝ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ።

አዘጋጆቹ ያላቸው ጊዜ ከሁለት ወር ያነሰ ነበር። የዚያ ዓመት ዋና ሰብሳቢ የነበሩት አሌክሳንደር ረሽና ባልደረቦቻቸው ሁሉንም ነገር ከአዲስ ገነቡት፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ አጭር ንግግሩን አስቀድሞ በቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክ ተደረገ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት በተለያየ ሰዓት ሁለት ጊዜ የጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ በዙም ተመደበ፤ ይህም አንደኛው በዚህኛው የዓለም ክፍል ሌሊት ቢሆን ሌላው ቀን እንዲውል ታስቦ ነው። ለዚሁ የተሠራው ሚኒኮንፍ የተባለው የድረ ገጽ ሶፍትዌር ለሌሎች ጉባኤዎችም በነጻ ተለቀቀ። የምዝገባው ዋጋም በአካል ከሚካሄድ ጉባኤ እጅግ ዝቅ አለ። በመጨረሻ ከ5,600 በላይ ሰዎች ተሳተፉ፤ ቀደም ባለው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ላይ የተገኙት የዚህ ግማሽ ያህል ነበሩ። አፍሪካን ታሳቢ ያደረገው ዝግጅትም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በመክፈቻው ዕለት ለአፍሪካ ቋንቋዎች የኮምፒውተር ጥናት የተለየ አፍሪካኤንኤልፒ የተባለ ዎርክሾፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሂዷል፤ ከዋናዎቹ ተናጋሪዎች መካከልም በናይሮቢ የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ትሠራ የነበረችው አይሻ ዋልኮት ብራያንት ነበረች።

በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ጉዳዩ ተፈታ ማለት ነው፤ ቪዛ የለም፣ ቲኬት የለም፣ አሻራ የለም። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። የጉዞው ዝግጅት ሲቀር ቦታውን ሌላ ሥራ ያዘው። ቪዲዮ መቅረጽ፣ ድምፁን ማጥራት፣ ከዚያም ትልቁን ፋይል በሚቆራረጥ መስመር መጫን ለኢትዮጵያዊው የሌሊት ሥራ ነበር። ይባስ ብሎ የአብዛኛው ተማሪና መምህር ጥሩ የኢንተርኔት መስመር ያለው ግቢ ውስጥ ነው፤ ጉባኤው ወደ ኢንተርኔት በገባበት ወር ግቢዎቹ ተዘጉ። ተማሪው የሄደበት የወላጆቹ ቤት ያለው መስመር የሞባይል ዳታ ነው፤ እሱም መብራት እስካለና ካርድ እስከተሞላ ድረስ። ጉባኤው ቤት ድረስ መጣ ቢባልም የመጣው እንደየቤቱ ነው።

ብዙም የማይወራ ሌላ ነገር አለ። ውጭ አገር የሄደ ሰው ሄዷል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ አይጠራውም፣ ቤተሰብም ለቅሶ ቀረ ብሎ አይቀየመውም። አስቸጋሪው የጉዞ ዝግጅት በመጨረሻ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ፈቃድ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ግን በዘመድም በአለቃም ዓይን ሥራ ላይ አይደለም። ጉባኤውን ሲከታተል ፈተና እንዲያርም ይጠበቅበታል፤ ንግግሩ ሊጀመር ሲል ዕቃ ግዛ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ጉባኤዎችን የተከታተሉ ብዙ መምህራን ይህን ያውቁታል፤ የተመዘገቡበትን ስብሰባ ግማሹን እንኳ ሳያዩ ያልፋል። ስለዚህ የ5,600ው ቁጥር ማን እንደተመዘገበ እንጂ ማን በእርጋታ ተቀምጦ እንደተከታተለ አይነግረንም።

ሌላው ጉድለት የመተዋወቅ ነው። ቪዛ የተከለከለ ሰው ሥራውን ውጭ ያለው ተባባሪ ጸሐፊ ያቀርብለታል። የእሱ ስም በወረቀቱ ራስጌ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል፤ ጥያቄ ያለው ሰው የሚያነጋግረው፣ ለሥራ የሚያስበውና ለሚቀጥለው ጥናት የሚጋብዘው ግን ጥናቱ በተለጠፈበት ፖስተር አጠገብ የቆመውን ነው። በኢንተርኔት የተደረገው ስብሰባ የንግግሩን ክፍል ለሁሉም እኩል ሲያደርግ ይህኛውን ለሁሉም አሳነሰው። እኩልነት መሆኑ አይካድም፤ ከዚህ በፊት ምንም ላልነበረው ሰው ግን በዚህ በኩል የተጨመረለት ጥቂት ነው።

ኪጋሊና ከዚያ ወዲህ

የ2021ና የ2022 ጉባኤዎችም በኢንተርኔት ተካሄዱ። በ2023 አይሲኤልአር ከሜይ 1 እስከ 5 በኪጋሊ ኮንቬንሽን ማዕከል ተሰበሰበ፤ በዘርፉ ካሉት ታላላቅ ጉባኤዎች በአካል በአፍሪካ የተካሄደ የመጀመሪያው ነው። ሩዋንዳ ከ2018 ጀምሮ የሁሉም አገሮች ዜጎች ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ፈቅዳለች፤ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች ደግሞ ለሠላሳ ቀን ቆይታ አይከፍሉም። ከአዲስ አበባ ኪጋሊ ቀጥታ በረራ አለ፤ መንገዱም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ወረቀት ተቀባይነት ማግኘትና ጉባኤ ላይ መገኘት፣ እንደ ሌላው ዓለም ሰው፣ ተከታትለው የመጡበት ጊዜ ይህ ነው። አዲስ አበባ ያጣችውን ኪጋሊ አገኘችው ብሎ የሚቆጭ ይኖራል፤ ለጉዳዩ ግን ከተማዋ ሳትሆን የቪዛ ሥርዓቷ ነው የሚወስነው።

በቀጣዩ ዓመት ጉባኤው ከሜይ 7 እስከ 11 ቀን 2024 ቪየና ላይ ሆነ፤ ኦስትሪያ ደግሞ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሸንገን አባል ናት። ጉባኤው ሊከፈት ስምንት ቀን ሲቀረው፣ አፕሪል 29፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል ምክንያት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለመመላለስ የሚያስችል ቪዛ መስጠት ቆመ፤ አንዳንድ ማስረጃዎችን ሳይጠይቁ የማለፍ ልማድም ቀረ። የዚያ ዓመት ተሳታፊዎች ጉዳያቸው ቀድሞ ያለቀ በመሆኑ ብዙም አልነካቸውም። የነካው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ በየዓመቱ ወደ አውሮፓ ጉባኤ የሚመላለስ መምህር ቀድሞ አንድ ጊዜ አመልክቶ ለዓመታት የሚጠቀምበትን ቪዛ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ከገደቡ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ጉዞ ከዜሮ መጀመር ግድ ሆነበት።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ሰዎች ያዳበሩት አሠራር አለ፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ወረቀቱን ከመጻፋቸው በፊት የፓስፖርታቸውን የአገልግሎት ዘመን ያያሉ፤ በተለይ የፓስፖርት ደብተር እጥረት ባጋጠመባቸው ዓመታት እድሳት ራሱ ወራት የሚፈጅ በመሆኑ። የሥራ ማስረጃ፣ የጋብቻ ወይም የልደት ማስረጃና የተተረጎሙ ሰነዶችን በአንድ ፋይል አስቀምጠው ቀኑ ያለፈበትን ብቻ ያሳድሳሉ። የባንክ መግለጫ ላይ ማመልከቻው ሊገባ ሲል በድንገት የገባ ገንዘብ ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ ስለሚያውቁ ገንዘቡን ከወራት በፊት ያስቀምጣሉ። የወረቀቱ ውጤት ሳይታወቅ ገና የሸንገን ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይፈቅዳል፣ ውጤቱ ካልቀና ቀጠሮውን መሰረዝ ይቻላል። አማካሪዎችም ከዚህ የተነሣ ጉባኤ የሚመርጡት በደረጃው ብቻ ሳይሆን በአገሩ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ ጉባኤዎች ካሉ ወረቀቱ ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ ወደሚደረገው ይላካል። ይህ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ የት መታተም እንዳለበት ከጥናቱ ይልቅ ኤምባሲው እየወሰነ ነው ማለትም ነው።

አዘጋጆች በበኩላቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ከተማ ከመቀየር ብዙ ያነሰ ነገር አለ። የግብዣ ደብዳቤን ውጤት ሳይጠብቁ ወረቀት ላስገባ ሁሉ መስጠት፣ የቪዛ አመልካቾችን ወረቀት ውሳኔ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የምዝገባ ክፍያን ቪዛ ለተከለከለ ሰው መመለስ፣ የጉዞ ድጋፉን ተጓዡ ከኪሱ ከፍሎ በኋላ ከሚመለስለት ይልቅ አስቀድሞ መክፈል፤ አንዳንድ ጉባኤዎች ከእነዚህ ጥቂቱን ያደርጋሉ። ዎርክሾፖች ላይ ግን ለውጡ ዘግይቷል፤ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚገቡት ደግሞ በአብዛኛው በዎርክሾፕ በር ነው። የዎርክሾፕ ወረቀት ውጤት ከጉባኤው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተገለጸ እንበል። ከዚህ ላይ 45 ቀን ለኤምባሲው ሲሰጥ፣ ለቀጠሮ፣ ለፊርማ፣ ለውጭ ምንዛሪና ለወረቀቱ የመጨረሻ እርማት የሚቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ጉባኤው በሜይ ከሆነ ደግሞ እነዚያው ሁለት ሳምንታት እኛ ጋ የሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት በሙሉ ኃይሉ የሚሰጥባቸው ናቸው።